የእማዬ እጅ የሌለበት ደብዳቤ

ማጂ፣ የካቲት 28 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየሺሃረግ፣

እቴ፣ ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ነገሬ ስገባ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ ትናንት በአሕመዲን እጅ ደረሰኝ። የተከራየሁት ቤት ባለቤት መሆኑን ነግሬሻለሁ፤ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ሚዛን ተፈሪ በወረደ ቁጥር የእኛ ፖስታ ቤት እሱ ሆኗል። ቡናው ተሸጦ ማለቁን፣ የስፌት መኪናሽ መጠገኑን አነበብኩ፤ ደስ ብሎኛል። ግን የእማዬ እጅ የለበትም።

ሰው ደብዳቤ ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ እኔ ግን የምጀምረው ከታች ነው። ማጂ ለማስተማር ከመጣሁ አራት ዓመቴ፤ እስካሁን ከእናንተ የመጣው ሁሉ ግርጌው ላይ የእማዬ ሁለት ሦስት መስመር አለበት። በአርባ ዓመቷ መሠረተ ትምህርት ገብታ ከእኔ ጋር ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። እስክሪብቶውን እንደ ቢላዋ ጨብጣ «ማጂ ብርድ ነው ይላሉ፣ ደርብ» ብላ የምትጽፈውን ሳላይ ያንቺን ወሬ አልጀምርም። አንዱንም አልጣልኩም፤ ሁሉም በካርቶን ተቀምጠዋል።

ባለፈው ወር የላክሽውም ባዶ ነበር። ያኔ ቸኩለሽ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛ ሲሆን ግን እንቅልፍ ይነሳል። ምን ሆናለች? ታማ ከሆነ ታማለች በይኝ። ተቀይማኝ ከሆነም ንገሪኝ፣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ወንድምሽ ፈንታው


ሚዛን ተፈሪ፣ መጋቢት 12 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ ፈንታው፣

አንተ ሰው፣ እንደ ልማድህ ነገሩ ሳይመጣ ቀድመህ ደንግጠህ ትጠብቀዋለህ። ልጅ ሳለህም መብረቁ ሳይጮህ ጆሮህን ትይዝ ነበር። ሁላችንም ደህና ነን።

እማዬ ሸዋ ቤንች ናት። የአክስታችን ልጅ ወልዳ አራስ ልትጠብቅ ሄዳለች። የሕፃን ሽታ ሲደርሳት ቤት እንዳላት እንደምትረሳ ታውቃለህ። ስትመለስ ትጽፍልሃለች።

ይልቅ አንተ ስለ ዝውውርህ አስብ። ዘንድሮ ተራህ እንደደረሰ፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታ የተነሳ ሰው ደግሞ ከተራው እንደሚሰረዝ የነገርከን አንተው ነህ። አባባ የታመመ ጊዜ ኮርስህን ጥለህ መጥተህ ዓመት ሙሉ ተቃጠለብህ፤ እማዬ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ሐምሌ ላይ ዕቃህን ጠቅልለህ፣ ለሁልጊዜው ና። እስከዚያ አርፈህ አስተምር።

ባለፈው የሠራሁልህ ሹራብ ጠበበኝ ብለህ ለጻፍከው፣ ወፍረህ ከሆነ ደስ ይለናል። ጨርቁ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እህትህ የሺሃረግ


ማጂ፣ መጋቢት 24 ቀን 1992 ዓ.ም.

እቴ የሺ፣

ቀልድሽን አንብቤ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄ ደረቀ። እማዬ አባባ ከሞተ ወዲህ ሰው ቤት አድራ ታውቃለች? ለቅሶ ሄዳ እንኳ ዶሮዎቼ ብላ ማታ ትመለስ የለም ወይ? ደግሞስ ሸዋ ቤንች ስንት ሰዓት መንገድ ነው? አንድ ወር ሙሉ ወረቀት የሚያደርስ ሰው ጠፋ?

«ሁላችንም ደህና ነን» ብለሻል። ድሮ እንዲህ አትጽፊም ነበር። «እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ከጎረቤት ጋር ስለ አጥር ተጣልታለች» እያልሽ ነበር የምትጽፊው። አሁን ሁላችሁን በአንድ ቃል ጠቅልለሽ ላክሽልኝ።

እኛ ዘንድ ሞት በደብዳቤ አይጻፍም። አንቺም ታውቂያለሽ። ሰውዬው ዘመድ መሀል ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ቀርቦ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። ጥሩ ልማድ ነው እላለሁ፤ ግን ለራቀ ሰው ያልተጻፈው ሁሉ ሞት እየመሰለው ይኖራል። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ሒሳብ እረሳዋለሁ። ተማሪዎቹ ይሳሳቃሉ።

እዚህ ያለው ሬዲዮ መገናኛ የመንግሥት ጉዳይ እንጂ የእናት ጤና አያስተላልፍም። ብቸኛ ተስፋዬ ወረቀት ነው። አንዲት ቃል፣ በእጇ። «አለሁ» ብላ ትጻፍ፣ ይበቃኛል።

ፈንታው


ሚዛን ተፈሪ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ይኸው፣ ሰው አታስጨንቅ። እማዬ ተመልሳለች፤ የጠየቅከውን ከግርጌው ጽፋልሃለች። ደብዳቤህን ሳነብላት «ይህ ልጅ ሚስት ቢያገባ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ይቀርለት ነበር» ብላ ስቃብሃለች።

እዚህ ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል። የልብስ ሥራ ለፋሲካ በዝቶብኝ እስከ ማታ መኪናዬ ላይ ነኝ። ስላልረዘመ ይቅር በለኝ።

የሺሃረግ

ልጄ ፈንታው እኔ ደህና ነኝ። ስለ እኔ አታስብ። ሥራህን ሥራ። እናትህ አሰጋሽ።


ማጂ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1992 ዓ.ም.

የሺሃረግ፣

ሰሞነ ሕማማት ነው፤ በዚህ ሳምንት እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፌን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከግርጌው ያለውን የጻፈችው እናቴ አይደለችም። እናቴ ስትጽፍ ወረቀቱን ትወጋዋለች። የቆዩትን ሁሉ ከካርቶን አውጥቼ አልጋ ላይ ደረደርኳቸው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጀርባቸውን በጣቴ ዳሰስኩ። የእሷ መስመር ከጀርባ በኩል ይታወቃል፣ እንደ ጠባሳ ያብጣል። ያሁኑ ልሙጥ ነው። ፊደሉን አስመስለሽዋል፣ ጎበዝ ነሽ። ክንዷን ግን ማስመሰል አልቻልሽም።

ደግሞም እናቴ «አታስብ» ብላኝ አታውቅም። የምትጽፈው ትእዛዝ ነው፦ ብላ፣ ደርብ፣ ጸልይ፣ አግባ። ይህች «አታስብ» ያንቺ ናት።

በሕይወት ያለ ሰው እጅ ለምን ይመሰላል? ይህን ጥያቄ በየት ብዞረው መልሱ አንድ ነው። የለችም በይኝ። እለምንሻለሁ እቴ፣ ልማዱ ይቅርና በወረቀት ርጂኝ። የምትደብቁኝ ለዝውውሩ ብላችሁ ከሆነ ዝውውሩ ገደል ይግባ።

ፈንታው


ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ወንድም ዓለም፣

አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ። የማትይዘኝ መስሎኝ ነበር። ቅጣኝ።

ግን ስማኝ። እማዬ በሕይወት አለች። በእመቤታችን እምልልሃለሁ፣ በአባባ አጥንት እምልልሃለሁ። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ናት፣ ትሰማኛለች። በእጇ ለምን እንዳልጻፈች ግን ልነግርህ አልችልም። እስከ ሐምሌ እንዳልናገር አስምላኛለች፤ የእናትን መሐላ ማፍረስ ደግሞ ፈራሁ። ሁለት መሐላ መሀል ቆሜ አየኸኝ?

አሕመዲን ደብዳቤህን ይዞ ዛሬ በማለዳ መጥቶ ነበር። ቤት ሳላስገባው በር ላይ ሸኘሁት፤ መልሱን ይዤለት ማምሻውን ዕቃ የሚገዛበት ሱቅ ድረስ እሄዳለሁ። ቅር እንዳይለው ንገርልኝ። ለዚህም ምክንያት አለኝ።

እመነኝ። ሌላ የምልህ የለኝም።

እህትህ የሺ


ማጂ፣ ግንቦት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

እህቴ፣

መሐላሽ ደርሶኛል። አልፈርድብሽም። እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እንዲሁ እምል ነበር፤ በኋላም ንስሐ እገባ ነበር።

አሕመዲን ደብዳቤሽን ሰጥቶኝ አልሄደም፤ መሬት መሬት እያየ ተቀመጠ። ስለምነው ተናገረ። «እህትህን በር ላይ ሳገኛት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ አላስገባችኝም። ሐዘንተኛ ማን ሞተብሽ አይባልምና ሳልጠይቃት መጣሁ» አለኝ። ከዚያ አብሮኝ አለቀሰ።

ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ በማግስቱ ተነሳሁ። መኪና እስከሚገኝበት እስከ ቱም ድረስ በእግሬ ወረድኩ። ወንዙ ሞልቶ መኪና የለም ተባለ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እየተባለ ቆየሁ፤ መጨረሻ ላይ በጭቃ ተመለስኩ። የማጂ ሰው «ለቀብር ካልደረስክ እዚሁ ተቀመጥ፣ እኛ እናለቅስልሃለን» አለኝ። ዳስ ተጣለ። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ቄሱ ክርስትና ስሟን ጠይቀውኝ ፍትሐት አደረሱላት። ራሴን ተላጭቻለሁ።

ውሃው ሲጎድል አሕመዲን ይወርዳል፤ በእኔ ስም ለቅሶ ይደርሳችኋል። መቃብሯ ከአባባ አጠገብ መሆኑን ብቻ ጻፊልኝ።

ፈንታው


ሚዛን ተፈሪ፣ ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም.

የእናቴ ልጅ፣

ከየት ልጀምርልህ? ከደጃፉ ልጀምር። ባለፈው እሑድ ጠዋት እማዬን ፊቷን እያጠብኳት ሳለ ከአጥሩ ውጭ የወንድ ለቅሶ ሰማን። አሕመዲን ሁለት ነጋዴዎች አስከትሎ «ወይኔ እናቴ! ወይኔ እትዬ አሰጋሽ!» እያለ በሩን በርግዶ ገባ። እማዬ ከአልጋዋ ቀና ብላ «የሺ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለች። አሕመዲን እንደቆመ ቀረ። «እርስዎ ነዎት» አላት።

«እኔ? መቼ?» አለች።

ሰውዬው ግድግዳ ይዞ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት። ደብዳቤህን አውጥቶ ሰጠኝና ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ምክንያቱም እማዬ እየጮኸች «አንብቢው!» ትል ነበር። ስጨርስ «በቃ፣ መሐላሽን ፈትቼዋለሁ፣ ሁሉንም ጻፊለት» አለችኝ። ስለዚህ ይኸው።

ጥር መጨረሻ ላይ ጠዋት ከመኝታዋ ልትነሳ ስትል ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። እጇም እግሯም። አፏም ወደ አንድ ጎን ሸሸ። ሐኪም ቤት አስተኛናት፣ ጠበልም ወሰድናት። አነጋገሯ ተመልሷል፣ እግሯም በሰው ድጋፍ ትንሽ ትንሽ ይላል። እጇ ግን አልተመለሰም። ፈንታው ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ተራው ይሰረዛል፣ እዚያው ማጂ ይቀራል ብላ አስማለችኝ። ሸዋ ቤንች ያልኩህ ውሸት ነው። አራስም የለም። አሕመዲንን በር ላይ የሸኘሁትም ፊቷን ሰው እንዳያየው ስለምትል ነው። ነጠላዬ የተዘቀዘቀው ለጎረቤታችን ለአቶ ባየ ነበር፤ ከቀብራቸው ማግስት ነው የመጣብኝ። አንድ ቃል ቢጠይቀኝ ኖሮ! ግን ማን ሐዘንተኛ ይጠይቃል?

አልቅሼ አልቅሼ ደከመኝ ወንድሜ። ሳትሞትብህ አስለቀስኩህ። ይቅር በለኝ የሚለው ቃል አነሰብኝ፤ ሌላ ግን የለኝም። ከእንግዲህ ክፉም ይሁን ደግ የሆነውን ሁሉ እጽፍልሃለሁ።

እማዬ መጀመሪያ ሳቀች፤ አንድ ሙሉ ቀን እያስታወሰች ሳቀች። ፍትሐቱ ነገር አሳስቧት የንስሐ አባቷን አስጠራች። «ጸሎት አይበላሽም፣ ቆይቶ ይደርስሻል» አሏት። ማታ ግን እራቷን አልበላችም። ቆይታ ቆይታ «ምን ብሎ አለቀሰልኝ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? «ጻፊለት» አለች። «ሰው የራሱን ለቅሶ አይሰማም። እኔ እድል ካገኘሁ ልስማው። የተባለውን ሁሉ፣ ሳያሳምር፣ ይጻፍልኝ።»

እህትህ የሺሃረግ


ማጂ፣ ሰኔ 22 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ አሰጋሽ፣

እማዬ፣ አለሽ። አሕመዲን ገና ከበቅሎው ሳይወርድ «በሕይወት አሉ!» ብሎ ሲጮህ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ። ያለቀሱልሽ ሰዎች ሁሉ እንደገና መጡ፤ ሲሳሳቁ አመሹ። ቄሱ ብቻ ትንሽ ተቆጥተዋል።

ምን ብለህ አለቀስክ ብለሻል። ሳላሳምር ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ቀን ዳሱ ዝም ያለ ነበር። ማንም አያውቅሽማ። የማያውቁትን ሰው ማልቀስ ከባድ ነው፤ ሰዉ ለእኔ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሁለተኛው ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ አልቃሽ መጡና «ልጄ፣ እናትህ ምን ዓይነት ሰው ነበረች? ምን ብዬ ላልቅስላት?» አሉኝ። «ደግ ነበረች» አልኩ። «የሁሉም እናት ደግ ናት፣ ሌላ በለኝ» አሉ። ገብቼ ካርቶኑን አመጣሁና ከግርጌ ከግርጌው አነበብኩላቸው።

«የበጉን ቆዳ አድርቄልሃለሁ። ለመኝታ ይሁንህ።»

«ሚስት ስትመርጥ መልክ አትይ። ትንሽ ግን እይ።» እዚህ ላይ ሰዉ ሳቀ እማዬ፣ በለቅሶ ቤት።

«ትናንት ቡና ስንለቅም አንተን ጠራሁ። የሺ ሳቀችብኝ።»

«እዚህ ዝናብ ነው። አንተም ጋ ነው?»

ይህችን ሳነብ ሴቶቹ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ማንም ለእኔ ብሎ አላለቀሰም፤ ለአንቺ ነበር። አልቃሿ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

ብርዱ አልተሰማውም ደርብ ብለሽ ስትጽፊ፣
ዛሬ ገና በረደው ከወረቀት ስትጠፊ።

እኔ በሰው ፊት ያልኩት ብዙ የለም። ሰው ሲበተን ብቻዬን ያልኩትን ግን ልጻፍልሽ፤ አዝዘሻልና። ብዙ ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ፤ ስለ ተማሪ፣ ስለ ጭጋግ፣ ስለ ሹራብ። እፈራለሁ ብዬ ግን ጽፌልሽ አላውቅም። ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ እፈራለሁ። አንድ ክረምት ወንዙ ይሞላል፣ አንቺ ትጠሪኛለሽ፣ እኔ ቱም ላይ ቆሜ ውሃ አያለሁ እያልኩ። ስለዚህ ሦስቱን ሌሊት ያልኩት ይሄው ነው፦ «እማዬ፣ አልደረስኩልሽም። እናቴ፣ ጠርተሽኝ አልደረስኩልሽም።» ሌላ ቃል አልነበረኝም።

እጅሽን ሳሚልኝ፤ የማይታዘዘውን። ዝውውሩ ሐምሌ መጀመሪያ ይለያል ይላሉ። ውጤቱ የሚለጠፈው እናንተው ጋ ስለሆነ እቴ የሺ ታይልኝና ትጻፍልኝ።

ልጅሽ ፈንታው


ሚዛን ተፈሪ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ ፈንታው፣

የሆነውን ሁሉ እጽፍልሃለሁ ብዬሃለሁና ክፉውን አስቀድማለሁ። ዝውውሩ ወጥቷል፤ ስምህ የለም። ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁ፤ ሌላ ሰው ይዤም ሄድኩ። ምክንያቱን ብጠይቅ «የከርሞ ሰው ይበለን» አሉኝ። ለከርሞ እንግዲህ።

ይህን ለእማዬ ከመንገሬ በፊት ግቢው ውስጥ ብዙ ተንጎራደድኩ። እንደገና ልደብቃት አስቤም ነበር፤ አልዋሽህም። ከዚያ ገባሁና ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ «መንገዱስ?» አለችኝ። መኪና ካቆመ ሳምንት እንዳለፈው ነገርኳት። ውሃው ሳይጎድል እንዳትነሳ ብላለች፤ ይህ ትእዛዝ ነው። በጥቅምት ደርቆ ብትመጣ አጥሩን ታድስልናለህ።

ስለ ጤናዋ፦ ከባለፈው አልባሰባትም፣ አልተሻላትም። ማታ ማታ ትንፋሿ ያጥራታል፣ ሐኪሙ ልብ ነው ይላል። እኔ በየሌሊቱ እየተነሳሁ አዳምጣታለሁ። እውነቱ ይሄ ነው።

ደብዳቤህን ስንት ጊዜ እንዳስነበበችኝ አልቆጠርኩም። አልቃሿን አመስግንልኝ ብላለች፤ ሚዛን እንዲህ ያለች የለችም አለች። የበጉ ቆዳ ላይ ትስቃለች። «አልደረስኩልሽም» ያልከው ላይ ስንደርስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ እኔም እጠብቃታለሁ።

ትናንት የዝውውሩን ነገር ከነገርኳት በኋላ ሣጥኗን ክፈቺ አለችኝ። ከታች መግነዟ አለ፤ ካዘጋጀችው ስንት ዘመኑ። «ያን ደብዳቤ እዚያ ውስጥ አድርጊው» አለች። ለምን ስላት እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን እንዳለ ነው የምጽፍልህ፦

«ቀኑ ሲደርስ ክረምት ከሆነ፣ ወንዙም ከያዘው፣ ከመቃብሬ አፋፍ ቆመሽ ከላይ እስከ ታች አንብቢልኝ። ሰዉ ሁሉ ይስማ። ልጇ አልደረሰም እንዳይባል።»

አጥፌ ከመግነዙ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

እህትህ የሺሃረግ